በሳሳ አየር ላይ፦ ስኖውሞቢልና ቱርቦ

የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ በ1918 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ሳንፎርድ ሞስ የተባለ የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲስ አንድ የአውሮፕላን ሞተር በጭነት መኪና አስጭኖ ኮሎራዶ ውስጥ ወደሚገኘው የፓይክስ ፒክ ተራራ አናት ወጣ። ተራራው ከባሕር ወለል በላይ 4,300 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። ሊበርቲ የሚባለው ያ ሞተር ዝቅተኛ ቦታ ላይ 350 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ ነበር፤ ተራራው አናት ላይ ሲያስነሱት ግን 230 ብቻ ሆነ። ሞስ የሠራውን ቱርቦ ሲገጥሙለት 356 ደረሰ።

ነገሩ አስማት አልነበረም። ሞተር የሚሠራው በነዳጅ ብቻ ሳይሆን በአየርም ጭምር ነው። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፣ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው ኦክስጅን ያንሳል፣ የሚቃጠለውም ነዳጅ አብሮ ይቀንሳል። አዲስ አበባ ውስጥ መኪና የሚነዳ ሰው ይህን በእግሩ ያውቀዋል፤ ቆላ ላይ እንደ ልቡ ሲሮጥ የነበረ መኪና የእንጦጦን ዳገት ሲጀምር ቤንዚን ቢረግጡለትም ማርሽ ካልቀነሱለት አይንቀሳቀስም። ቱርቦ ጉድለቱን የሚሞላው በማርሚታ ወጥቶ በከንቱ በሚጠፋው ጭስ ነው። ጭሱ አንዲት ትንሽ ተርባይን ያሽከረክራል፤ ከእሷ ጋር በአንድ ዘንግ የታሰረችው ሌላኛዋ ደግሞ የውጭውን አየር እየሳበችና እያመቀች ወደ ሞተሩ ትገፋዋለች። ሐሳቡን በ1905 በፓተንት ያስመዘገበው አልፍሬድ ቡሺ የተባለ የስዊዘርላንድ መሐንዲስ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቢ-17 የተባሉት የአሜሪካ ቦምብ ጣዮች በከፍተኛ ሰማይ ላይ ጉልበታቸውን ጠብቀው የበረሩት በዚሁ ዘዴ ነበር።

ሞስ ሞተሩን የፈተነበት የሮኪ ተራሮች ሰንሰለት ዛሬ በየክረምቱ በሌላ ሞተር ድምፅ ይሞላል። ከፊት ሁለት ስኪ፣ ከኋላ ሰፊ የጎማ ሰንሰለት ያለው፣ እግርን አንፈራጥጠው የሚጋልቡት ተሽከርካሪ ነው፤ ስኖውሞቢል ይባላል። በዚህ ተሽከርካሪ ላይ ቱርቦ መግጠም ያዋጣል ወይስ አያዋጣም የሚለው ክርክር ከሜኒሶታ እስከ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በየጋራዡ ይነሳል። ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ በገንዘብና በፍጥነት ላይ ይሽከረከራል። የተሽከርካሪውን ታሪክ ለተከታተለ ሰው ግን ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ነጂው ስንት ሜትር ከፍታ ላይ ይነዳል የሚለው ነው።

ስኖውሞቢል የተወለደው ለጨዋታ አልነበረም። በካናዳዋ የኩቤክ ግዛት ቫልኩር በምትባል ትንሽ ከተማ በ1907 የተወለደው ጆሴፍ አርማንድ ቦምባርዲየር ገና በ15 ዓመቱ፣ በ1922 መጨረሻ፣ የፎርድ ሞዴል ቲ ሞተርና የእንጨት የአውሮፕላን ፕሮፔለር ሸርተቴ ላይ ገጥሞ በበረዶ ላይ ነዳ። አባቱ ያ የሚሽከረከር እንጨት ሰው እንዳይቆራርጥ ፈርተው አስፈቱት። ልጁ ግን ሐሳቡን አልተወም፤ ጋራዥ ከፍቶ እየጠገነ፣ ማታ ማታ እየሞከረ ቀጠለ። በ1934 ክረምት የሁለት ዓመት ልጁ ኢቮን በሆድ ዕቃ ሽፋን ብግነት ታመመ። የቅርቡ ሆስፒታል ሸርብሩክ ከተማ ነበር፤ መንገዱ በበረዶ ተዘግቷል፣ በጋራዡ የነበረው የሙከራ ማሽንም ለጉዞ አልደረሰም። ልጁ ሞተ።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1937፣ ቦምባርዲየር ጥርስ ያለው ጎማ የለበሰ መዘውርና የጎማ ሰንሰለት አጣምሮ የሠራውን መንጃ በፓተንት አስመዘገበ። ከዚያ በኋላ የሠራቸው ሰባትና አሥራ ሁለት ሰው የሚጭኑ ትልልቅ የበረዶ መኪኖች ሐኪም፣ ፖስታና ተማሪ ያመላልሱ ጀመር። የኩቤክ መንግሥት በ1940ዎቹ መጨረሻ የገጠር መንገዶችን በረዶ ማስጠረግ ሲጀምር የዚያ ገበያ ወደቀ። ቦምባርዲየር ፊቱን ወደ ትንሽና ቀላል ማሽን አዞረ። በ1959 ለገበያ የቀረበው ስኪ-ዱ ሞተሩ ከ10 የፈረስ ጉልበት በታች ነበር። በመጀመሪያው ወቅት የተሸጠው 225 ብቻ ነው።

እሱ ብቻውን አልነበረም። በዊስኮንሲን ግዛት ሴይነር በምትባል መንደር ካርል ኤሊያሰን በ1924 ከጀልባ የተወሰደ 2.5 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ረጅም ሸርተቴ ላይ ገጥሞ ነበር። በሜኒሶታ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ከካናዳ ድንበር አጠገብ በምትገኘው ሮዞ ከተማ ደግሞ የእርሻ መሣሪያ የሚሠሩት ኤድጋር ሄቲን፣ ወንድሙ አለንና ጓደኛቸው ዴቪድ ጆንሰን በ1956 የመጀመሪያ ማሽናቸውን አወጡ። ዛሬ ፖላሪስ የሚባለው ኩባንያ የተጀመረው እዚያ ነው። የመጀመሪያው ማሽን ስኪ ከሼቭሮሌት መኪና መከላከያ ብረት የተቆረጠ ነበር፤ ሰንሰለቱም እህል ወደ ጎተራ ከሚያወጣ ማጓጓዣ ላይ የተወሰደ። ኤድጋር ሄቲን በ1960 ማሽኖቹ እንደሚያስተማምኑ ለማሳየት አላስካን ከቤተል እስከ ፌርባንክስ፣ ከ1,600 ኪሎ ሜትር በላይ፣ አቋርጦ ተጓዘ። ከጉዞው ሲመለስ ከሽርክናው ወጥቶ በጎረቤቷ ከተማ ቲፍ ሪቨር ፎልስ ሌላ ኩባንያ መሠረተ፤ እሱ ደግሞ ኋላ አርክቲክ ካት ሆነ።

የእነዚያ ዘመን ማሽኖች አነስተኛ ጉልበት ምን ያህል ያስኬድ እንደነበር የሚያሳየው የራልፍ ፕሌይስቴድ ጉዞ ነው። ፕሌይስቴድ የሜኒሶታ የኢንሹራንስ ነጋዴ ነበር። በ1967 ወደ ሰሜን ዋልታ ሊሄድ ሞክሮ አልሆነለትም። በሚቀጥለው ዓመት፣ በሚያዝያ 1968፣ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር 16 የፈረስ ጉልበት ባላቸው ስኪ-ዱዎች ዋልታው ላይ ደረሰ፤ የአሜሪካ አየር ኃይል አውሮፕላንም ከላይ ሆኖ ቦታውን አረጋገጠላቸው። ከአራቱ አንዱ የቦምባርዲየር የወንድም ልጅ ዣን-ሉክ ነበር። በምድር ተጉዞ ዋልታውን መርገጡ ያለ ክርክር የተረጋገጠለት የመጀመሪያው ቡድን ይህ ነው። 16 የፈረስ ጉልበት የበቃው ቦታው የበረዶ ውቅያኖስ፣ ከፍታውም የባሕር ወለል ስለሆነ ነው፤ አየሩ ሙሉ ነበር።

በዚያው ዘመን ማሽኑ የሰሜን ፊንላንድ የሳሚ አጋዘን አርቢዎች ዘንድ ደረሰ። ፔርቲ ፔልቶ የተባለው አንትሮፖሎጂስት በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ ስኖውሞቢል በጥቂት ዓመታት ውስጥ በአጋዘን የሚጎተተውን ሸርተቴ ተካ። ቀናት ይፈጅ የነበረው የመንጋ ፍለጋ ወደ ሰዓታት አጠረ። ነገር ግን ማሽኑን፣ ቤንዚኑንና መለዋወጫውን መግዛት የቻለ ቤተሰብ መንጋውን ሲያበዛ፣ ያልቻለው አጋዘኖቹን እየሸጠ ከእረኝነት ወጣ። ይህ ታሪክ ከቱርቦ ጋር የማይገናኝ ይመስላል። ቢሆንም ማሽኑ የሚያስከትለው ወጪ ከመግዣው ዋጋ እንደሚበልጥ ቀድመው ያወቁት እነዚያ እረኞች ነበሩ፤ ቱርቦ ሊገጥም ያሰበ ሰውም የሚገጥመው ያው ሒሳብ ነው።

በ1971 በሰሜን አሜሪካ ወደ 495,000 የሚጠጉ ስኖውሞቢሎች ተሸጡ፤ ከመቶ በላይ ፋብሪካዎች በሥራው ውስጥ ነበሩ። ከዚያ የነዳጅ ቀውስ መጣ፣ በረዶው የቀነሰባቸው ክረምቶች ተከታተሉ፣ አብዛኞቹም ፋብሪካዎች ተዘጉ። በመጨረሻ ገበያውን የተካፈሉት አራት ናቸው፦ ስኪ-ዱ፣ ፖላሪስ፣ አርክቲክ ካትና ከጃፓን የመጣው ያማሃ።

እዚህ ላይ ታሪኩ ከሜዳ ወደ ተራራ ይወጣል። በዋዮሚንግ ግዛት ጃክሰን ከተማ፣ በስኖው ኪንግ ተራራ ላይ ከ1976 ጀምሮ የስኖውሞቢል የዳገት ውድድር ይካሄዳል። ተወዳዳሪው ቀጥ ያለውን የበረዶ ግድግዳ በአንድ ትንፋሽ ለመውጣት ይሞክራል፤ ብዙዎቹ መሃል ላይ ተገልብጠው ማሽኑ በገመድ ተይዞ ይወርዳል። የተራራ ነጂዎች ፍላጎት ከሜዳው ሰው የተለየ መሆኑ ለፋብሪካዎቹ እየገባቸው ሲሄድ፣ ስኪ-ዱ ሰሚት የተባለውን የተራራ ማሽን በ1994 አወጣ፤ ፖላሪስም ተከተለ። ሰንሰለቱ ከ121 ኢንች እየረዘመ ከ160 አለፈ፣ የጎማው ጥርስ ሦስት ኢንች ድረስ አደገ፣ ክብደቱ ተቀነሰ። ሰንሰለት ማስረዘም ግን አየር አይጨምርም። እንደ ዘልማድ በየ1,000 ጫማው ወይም በየ300 ሜትሩ ሞተር 3 በመቶ ያህል ጉልበቱን ያጣል፤ 3,000 ሜትር ላይ አንድ 150 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር የሚቀረው 105 ገደማ ነው። ወገብ በሚደርስ ልስልስ በረዶ ውስጥ ደግሞ ጉልበት ያነሰው ማሽን ሽቅብ መውጣቱ ይቀርና ባለበት ይቀበራል።

መጀመሪያ የተሞከረው መፍትሔ ሞተሩን ማግዘፍ ነበር። ሲሊንደር ተጨመረ፣ 800 ሲሲ አለፈ፣ 1,000 ደረሰ። ግዙፍ ሞተር ከባድ ነው፤ ክብደት ደግሞ በልስልስ በረዶ ውስጥ ጠላት ነው። ቱርቦን ያመጣው ይህ ጥብቅ ሒሳብ ነው፦ አሥራ አምስት ኪሎ ያህል ብረትና ቱቦ ተጨምሮ፣ ተራራው የወሰደው ጉልበት ከነወለዱ ይመለሳል።

መጀመሪያ የሠሩት ፋብሪካዎቹ ሳይሆኑ በየተራራው ከተማ ያሉ መካኒኮችና ትንንሽ ወርክሾፖች ናቸው። ያማሃ ለ2003 ሞዴል አርኤክስ-1 የተባለውን፣ ከሞተር ብስክሌት የተወሰደ 998 ሲሲ ባለ አራት ምት ሞተር ያለውን ማሽን ሲያወጣ ለእነሱ ሠርግና ምላሽ ሆነላቸው። ባለ አራት ምት ሞተር የራሱ የዘይት ፖምፓና የዘይት ቋት አለው፤ በደቂቃ ከመቶ ሺህ ጊዜ በላይ የሚሽከረከረው የቱርቦ ዘንግም ኩሽኔታው እንዳይቃጠል በግፊት የሚደርሰው ዘይት ይፈልጋል። ስለዚህ ቱቦ ቀጥሎ መግጠም ይቻላል። ችግሩ ያው ክብደት ነበር፤ አርኤክስ-1 ቱርቦ ሳይጨመርበትም ከባድ ነው።

ባለ ሁለት ምቱ ቀላል ሞተር ላይ ነው ሥራው የሚወሳሰበው። ይህ ሞተር ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ያቃጥላል፤ ለቱርቦ የሚተርፍ የዘይት ፖምፓ የለውም። አንዳንድ ሠሪዎች ዘይቱን በውስጡ የያዘ፣ ከሞተሩ ምንም የማይጠይቅ ቱርቦ በማቅረብ ይህን ፈቱ። ሌላው ችግር ሙቀት ነው። ባለ አራት ምት ሞተር ፒስቶን በየሁለት ዙሩ አንዴ እሳት ሲያይ፣ ባለ ሁለት ምቱ በየዙሩ ያያል፤ ፋታ የለውም። ቱርቦ አየሩን ሲያምቅ አየሩ ራሱ ይሞቃል። ነዳጁ በልክ ካልጨመረ ወይም ኦክቴኑ ዝቅተኛ ከሆነ፣ ድብልቁ ካንዴላው ሳይለኩሰው በራሱ ይፈነዳል። መካኒኩ ይህን የሚያየው ካንዴላውን ፈትቶ ነው። ነጩ ሸክላ የቡና ዓይነት ቡናማ ከያዘ ሰላም ነው። ከነጣ ነዳጅ እያነሰው ነው። በሸክላው ላይ እንደ አሸዋ ያነሱ የሚያብረቀርቁ ነጠብጣቦች ከታዩ ግን የፒስቶኑ አልሙኒየም እየቀለጠ እየተረጨ ነው ማለት ነው፤ ያ ሰው ሌላ አንድ ዳገት ከሞከረ ፒስቶኑ መሃል ለመሃል ይበሳል። ከመንገድ ሃያ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ደረት በሚደርስ በረዶ ውስጥ፣ የተበሳ ፒስቶን ይዞ መቅረት የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ከዚያ የቀሩት ጣጣዎች ይከተላሉ። ስኖውሞቢል ማርሽ የለውም፤ ጉልበቱ ከሞተሩ ወደ ሰንሰለቱ የሚያልፈው በሁለት ተከፋችና ተዘጊ መዘውሮች መካከል በተወጠረ ቺንጋ ነው። ሞተሩ ጉልበቱ በሚበዛበት ዙር ላይ እንዲቆይ በመዘውሩ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ክብደቶች በግራም ይመዘናሉ። ቱርቦ ሲገጠም ያ ሁሉ ልክ ይበላሻል፤ ክብደቱ ይቀየራል፣ ስፕሪንጉ ይቀየራል፣ ቺንጋ በላይ በላይ ይበጠሳል። ባለ ቱርቦ ማሽን ይዞ ያለ ትርፍ ቺንጋ ተራራ የሚወጣ አስተዋይ ሰው የለም። በዚያ ላይ ብዙዎቹ የያኔ ኪቶች፣ ማለትም ወርክሾፖቹ የሚሸጧቸው የቱርቦ መግጠሚያ ዕቃዎች፣ ከማደያ በሚቀዳ ቤንዚን አይረኩም ነበር፤ ለውድድር የሚሸጥ ውድ ነዳጅ በጄሪካን ተይዞ ይቀላቀላል። ማሽኑ ላይ ኪት የገጠመ ሰው ሞተሩ ቢበላሽ የፋብሪካው ዋስትና እንደማይሸፍንለት ያውቃል። ጋዝ ሲሰጡት ቱርቦው እስኪነሳ የሚያልፈው ቅጽበትም አለ። ሜዳ ላይ ያ ቅጽበት ምንም አይደል፤ በዛፎች መካከል፣ በአንድ ጎን ተንጠልጥሎ ተዳፋት ለሚያቋርጥ ነጂ ግን ጉልበቱ ሲፈለግ ሳይመጣ፣ ሳይፈለግ ሲመጣ ከዛፍ ጋር ያላትማል።

ፋብሪካዎቹ ወደ ቱርቦ የገቡት በሌላ በር ነው፤ በንጹሕ አየር ጉዳይ። የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ የመጀመሪያዎቹን ስኖውሞቢሎች ያስገባው በ1963 ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ በክረምት ቀን መግቢያው ላይ የሚሰለፉት ማሽኖች ጭስ በዝቶ ክርክሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ2002 የምዕራብ መግቢያ ጠባቂዎች የጭስ መከላከያ ጭምብል አጥልቀው ሲሠሩ ታዩ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በስኖውሞቢል ጭስ ላይ የመጀመሪያውን ብሔራዊ ደንብ አወጣ። ባለ ሁለት ምት ሞተር ያኔ ከሚጠጣው ቤንዚን ጥቂት የማይባለውን ሳያቃጥል ያወጣ ስለነበር ሠሪዎቹ ወደ ባለ አራት ምት ዞሩ። ይህኛው ንጹሕና ዝምተኛ ነው፤ ግን ለክብደቱ ጉልበት ያንሰዋል። አርክቲክ ካት ለ2004 ሞዴል ቲ660 የተባለውን ሲያወጣ ትንሿን 660 ሲሲ ሞተር በቱርቦ 110 የፈረስ ጉልበት አደረሳት። ፖላሪስ በ2006 ሞዴል በራሱ ባለ ቱርቦ ተከተለ። በ2009 ሞዴል አርክቲክ ካት 177 የፈረስ ጉልበት ያለው ዜድ1 ቱርቦ አቀረበ። በ2017 ሞዴል ያማሃና አርክቲክ ካት በጋራ ያወጡት፣ ሳይድዋይንደርና ተንደርካት በሚል ስም የተሸጠው ባለ ሦስት ሲሊንደር ማሽን 200 የፈረስ ጉልበት አካባቢ ደረሰ። ቱርቦ የጭሱን ኃይል ስለሚበላ ድምፁም ለዘብ ይላል፤ መንደር ዳር ለሚነዳ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከሁሉ የሚበልጠው እርምጃ ግን የተራራውን ሰው ጥያቄ በቀጥታ የመለሰው ነው። ስኪ-ዱ ለ2020 ሞዴል ባለ ሁለት ምት 850 ሲሲ ሞተር ላይ ከፋብሪካው ቱርቦ ገጥሞ አወጣ፤ በዓይነቱ የመጀመሪያው ነበር። በዚህ ማሽን ላይ የተጻፈው ቁጥር ልብ ሊባል ይገባዋል። ያለ ቱርቦ ዝቅተኛ ቦታ ላይ የሚሰጠው 165 የፈረስ ጉልበት ነው፤ ባለ ቱርቦውም 165 ነው። ልዩነቱ ባለ ቱርቦው ያንኑ 165 እስከ 8,000 ጫማ፣ ማለትም እስከ 2,400 ሜትር ገደማ ይዞት መውጣቱ ነው። መሐንዲሶቹ ቱርቦውን ያዋሉት ሞስ በ1918 ለፈለገው ጉዳይ ነበር፤ ከፍታው የወሰደውን ለመመለስ። ፖላሪስ በ2022 ሞዴል ፓትሪዮት ቡስት የተባለውን አመጣ። ስኪ-ዱ ደግሞ በ2023 ሞዴል ዝቅተኛ ቦታ ላይም 180 የሚሰጥ አወጣና ፉክክሩ እንደገና ወደ ቁጥር ተመለሰ።

የፋብሪካው ቱርቦ መካኒኩ በካንዴላ የሚያነበውን ነገር ለኮምፒውተር ሰጥቶታል። የአየሩ ግፊት፣ የሙቀቱ መጠን፣ የነዳጁ ልክ፣ ሞተሩ መንኳኳት መጀመሩና አለመጀመሩ በየቅጽበቱ ይለካል። ድሮ ነጂው ሸለቆ ላይ ገጥሞት የተነሳውን የካርቡሬተር ቀዳዳ ተራራ ላይ በቀዘቀዘ ጣቱ ይቀይር ነበር፤ ዛሬ ሸለቆውንና አናቱን በአንድ ቀን ይነዳል፣ ከማደያ የሚቀዳ ጥሩ ቤንዚን ይበቃዋል፣ ዋስትናውም አይነካበትም። የአዲሱ ባለ ቱርቦ የተራራ ማሽን ዋጋ ግን 20,000 ዶላር አካባቢ ደርሷል።

ከዋጋው የከፋውን ጉዳይ የሚናገሩት ሰዎች ጥቂት ናቸው። በብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ ሬቭልስቶክ ከተማ አጠገብ ቦልደር የተባለ ተራራ አለ። ነጂዎች ከተዳፋቶቹ አንዱን የሚጠሩት በቱርቦ ስም ነው፤ እዚያ ሽቅብ ማን ከማን ከፍ ብሎ ምልክት እንደሚያደርግ ይፎካከራሉ። መጋቢት 13 ቀን 2010 ወደ 200 የሚጠጉ ሰዎች ለዚሁ ትርኢት ተሰብስበው ሳለ ተራራው ተናደ። ሁለት ሰዎች ሞቱ፣ ከ30 በላይ ተጎዱ። የዚያን ክረምት የበረዶው ንብርብር ደካማ እንደነበርና የናዳ ማስጠንቀቂያም እንደተሰጠ ታውቋል። የበረዶ ናዳ በአብዛኛው የሚነሳው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባዘነበለ ተዳፋት ላይ ነው፤ ጉልበት የሚያንሰው ማሽን ቀድሞ የሚቆምበት ተዳፋት ማለት ነው። ያኔ የሞተሩ ድክመት ሳይታሰብ አጥር ሆኖ ያገለግል ነበር። ቱርቦ ያንን አጥር አነሳው። ስለዚህ ለቱርቦ ገንዘብ ያወጣ ሰው ለናዳ ትምህርት፣ በበረዶ የተቀበረን ሰው ለሚፈልግ መሣሪያ፣ ለአካፋና በጀርባ ለሚታዘል የአየር ከረጢትም ማውጣት አለበት፤ ይህ ካልተደመረ የቱርቦው ዋጋ በትክክል አልተሰላም።

ወደ ሜዳው ሲወረድ ሒሳቡ ጨርሶ ይለወጣል። ኩቤክ ውስጥ ከ30,000 ኪሎ ሜትር በላይ የተዘጋጀ የስኖውሞቢል መንገድ አለ፤ ከፍጥነት ወሰኑ በላይ መሄድ ክልክል ነው፣ ወሰኑም በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ነው። ኦንታሪዮ ውስጥ 50 ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በሜኒሶታ በሰዓት 50 ማይል ወይም 80 ኪሎ ሜትር ነው። እነዚህ ቦታዎች ዝቅተኛ ናቸው፤ ሞተሩ ከአየር የሚጎድለው ነገር የለም ማለት ይቻላል። እዚያ 200 የፈረስ ጉልበት ያለው ማሽን የሚያገለግለው በበረዶ በተጋገረ ሐይቅ ላይ ቀጥታ ለመሽቀዳደም ነው። ያ ደስታ ለሚወደው ሰው ደስታ ነው፤ ግን በዛፍ መካከል በሚጠማዘዝ መንገድ ቤተሰቡን ይዞ ለሚነዳ ሰው ቱርቦ ተጨማሪ ነዳጅ፣ ተጨማሪ ሙቀት፣ ተጨማሪ ጥገና ብቻ ነው። በዝቅተኛ አገር በአሮጌ ባለ ሁለት ምት ሞተር ላይ ኪት መግጠም ከሁሉም የባሰ ምርጫ ነው፤ ያልጎደለን ነገር ለመሙላት ሲባል ፒስቶን ይቀልጣል።

ከ2,500 ሜትር በላይ ለሚነዳ ሰው፣ ለምሳሌ በዋዮሚንግ የቶግዎቲ መተላለፊያ ወይም በሞንታና ኩክ ሲቲ ዙሪያ፣ መልሱ ሌላ ነው። እዚያ ቱርቦ ቅንጦት መባሉ አይገባውም። ጉልበቱን ያጣ ማሽን በየመቶ ሜትሩ ይቀበራል፣ ነጂው በአካፋ እየቆፈረ ጉልበቱን ይጨርሳል፣ ቀኑ ይመሻል፣ ብርዱ ይበረታል። ከፋብሪካ የተገጠመ ቱርቦ ለዚህ ሰው ትክክለኛ መሣሪያ ነው፤ ኪት ደግሞ ካንዴላ አንብቦ ነዳጅና ቺንጋ ማስተካከል ለሚችል፣ ክረምቱን ግማሽ ጋራዥ ውስጥ ቢያሳልፍ ለማይከፋው ሰው ብቻ።

አሁን አዲስ ጥያቄ ተጨምሯል። ያማሃ በ2023 ስኖውሞቢል መሥራት እንደሚያቆም አስታወቀ፤ በሰሜን አሜሪካ የመጨረሻው የ2025 ሞዴል ሆነ። ኩባንያው ለሸጣቸው ማሽኖች መለዋወጫና አገልግሎት እንደሚቀጥል ተናግሯል። ከ55 ዓመት በላይ በሥራው የቆየ ሠሪ ሲወጣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሳይድዋይንደሮች በየጋራዡ ይቀራሉ። አንዱን ሁለተኛ እጅ ሊገዛ የሚያስብ ሰው ሊጠይቀው የሚገባው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ ብቻ አይደለም፤ የሞተሩ ኮምፒውተር ፕሮግራም ተቀይሮ የአየር ግፊቱ ከፋብሪካው ልክ በላይ ወጥቶ እንደሆነ፣ ምን ዓይነት ቤንዚን እንደተቀዳበት፣ ቺንጋውና የመዘውሩ ክብደቶች መቼ እንደተለወጡ፣ ከረጅም ጉዞ በኋላ ሞተሩ ከመጥፋቱ በፊት ቱርቦው እንዲቀዘቅዝ ለአፍታ በዝግታ ይሠራ እንደነበር መጠየቅ አለበት። ከዚያ ሽፋኑን ከፍቶ የቱርቦውን ዘንግ በጣቱ ይነካካዋል፤ ወደ ጎን የሚወዛወዝ ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል፣ ዋጋውም በዚያው መጠን መውረድ አለበት።